ዳገት ላይ የምትስል መኪና

መኪናዋ መሳል የጀመረችው ከአራት ወር በፊት ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ለእኔ ሰኞ ደግ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም። ከማሠልጠኛው ግቢ ወጥተን፣ የትራፊክ መብራቱን አልፈን፣ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሠልጣኙ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ክህ፣ ክህ፣ ክህ አለ። መኪናዋ ተንገጫገጨች፤ የእሱም የእኔም ጭንቅላት ወደፊትና ወደኋላ ተወዛወዘ። ነዳጁን ለቀቅ ሲያደርግ ተሻላት። መልሶ ሲረግጥ ያው ሳል። ከኋላችን የነበረ ሚኒባስ ክላክሱን አንባረቀብን። "ቀስ" አልኩት ሠልጣኙን። መኪና ውስጥ ስገባ ከ"ቀስ" ሌላ ብዙ ቃል የለኝም፤ ሠልጣኞቹም ከጀርባዬ "ጋሼ ቀስ" ነው የሚሉኝ። የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል፤ አሁን ቀለሟ ሻይ የተደፋበት ጨርቅ ይመስላል። ከእህቴ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። እንደ ማንኛውም የማሠልጠኛ መኪና፣ ከአስተማሪው ወንበር ፊት ለፊት ወለሉ ላይ አንድ ተጨማሪ ፍሬን ተገጥሞላታል፤ ሠልጣኙ ሲያብድ እኔ የማቆምበት። በዚያች ፍሬን ስንት ነፍስ እንዳተረፍኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር አንድም ሠልጣኝ ሰው አልገጨብኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንዱ ጅል ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጁን ረግጦ የጫማ ሱቅ መስታወት ውስጥ ይዞኝ ገብቷል። ማንም አልተጎዳም። እኔም ምንም አልሆንኩም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የመኪና ሳል ያበሳጨኝ ነበር እንጂ እንቅልፍ አይነሳኝም። ዘንድሮ ግን ጠዋት ጠዋት መሪውን የምትይዘው እህቴ ናት። እናትና አባታችን ሲያልፉ እሷ አሥራ አንድ፣ እኔ ሃያ ሦስት ዓመታችን ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን ሠላሳ ሦስት ሞልቷታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ከመሸጫው ጠረጴዛ ጀርባ ቆማለች። የዳቦ ቤቱ አከፋፋይ ሹፌር ከአምስት ወር በኋላ ጡረታ ሊወጣ መሆኑን ስትሰማ፣ ማንንም ሳታማክር፣ እኔንም ጨምሮ፣ ባለቤቱ ፊት ቀርባ "መኪናውን ለእኔ ስጠኝ" አለችው። ሰውየውም ሳቀና "መንጃ ፈቃድ አምጪ፣ ውሰጂ። ካላመጣሽ ከውጭ እቀጥራለሁ" አላት።

"ዳቦውን ዘጠኝ ዓመት ከበር ሸኝቼዋለሁ" አለችኝ ያን ዕለት ማታ ራት ላይ። "አሁን የሚሄድበትን ማየት እፈልጋለሁ።"

ይህን የመሰለ ነገር ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ አስመዘገብኳት። ግን ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሦስተኛ ከወደቀች እንደገና ለመፈተን ስድስት ወር መጠበቅ አለባት፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ስድስት ወር አይደለም ስድስት ቀንም የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ሦስተኛው ፈተና ዓርብ ነው።

ሁለቱንም ጊዜ የጣላት ፈታኝ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ያው ነው፤ "ዳገት ላይ ያለ ምክንያት ነዳጅ ትለቃለች።" ያለ ምክንያት! ደሜ ፈላ። ፈታኙን ተከትዬ እስከ ቢሮው ደረጃ ሄድኩ። "መኪናዋ እኮ ዳገት ላይ ትስላለች" አልኩት። "እኔ ሳል አልሰማሁም፣ ከእሷ ጋር ሁለቴ ወጥቼ አንድም ቀን አልሳለችም" አለኝ። እኔ በፈተና ሰዓት መኪናው ውስጥ አልገባም፤ ደንብ ነው፤ ፈታኙ የእኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኔ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። ሰውየው ከምሳ ሰዓት ደወል በቀር የሚሰማው ነገር የለም ብዬ ተውኩት።

በአራቱ ወር ያየነውን አበሳ የሚያውቀው የእኛ መካኒክ ነው። መካኒኩን "ይቆይ" ነው የምንለው። መቼ ይደርሳል ስትሉት፣ ይቆይ። ምሳ እንብላ ስትሉት፣ ይቆይ። ሚስቱን እንዴት አድርጎ ለትዳር እንደጠየቃት ሁሌ ይገርመኛል። እጁ ግን የተባረከ ነው፤ ይህን ጠላትም አይክደውም።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አወጣቸው። ጠቁረዋል። ቀየራቸው። ብቻውን ይዟት ወጣና ዳገቱን ወጥቶ ወርዶ ተመለሰ። "ደህና ናት" አለ። በማግስቱ ጠዋት እህቴ ነዳጅ ስትሰጥ፣ ክህ ክህ ክህ።

ቀጥሎ የቤንዚን ማጣሪያውን ቀየረ፤ ከነዳጅ ታንኩ ሥርም እንደ አተላ ያለ ዝቃጭ አወጣ። "በቃ፣ ይኸው በሽታዋ" አልኩ ደስ ብሎኝ። ይቆይ ነዳት፤ ደህና ናት። እኔ ራሴ መሪውን ይዤ እሱን አጠገቤ አስቀምጬ ነዳኋት፤ ደህና ናት። በማግስቱ ከእህቴ ጋር ወጣን፤ ያው ሳል፣ ያው መንገጫገጭ፣ ያው ከኋላችን የሚጮህ ክላክስ። ሰው ሁሉ ምን እንደሚያጣድፈው አላውቅም።

ሦስተኛ ጊዜ ካርቡራተሩን ፈታው። ጋራዡ ወለል ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በአየር እየነፋ፣ ግማሽ ቀን ፈጀበት። አራተኛ ጊዜ ከእሳት ማከፋፈያው ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱትን ገመዶች በሙሉ ለወጠ። ምንም። እሱ ሲነዳት ደህና፣ እኔ ስነዳት ደህና፣ ሠልጣኝ ሲይዛት ሳል።

ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን የሚወስዳት ሌላው አስተማሪ አንድም ቀን ሳል ሰምቶ አያውቅም። እሱን "ሳቂታው" ነው የሚሉት። ዕድሜው ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ጎማ ቢፈነዳ ይስቃል፣ ሠልጣኝ አጥር ቢገጭ ይስቃል፤ ሠልጣኞቹም ዓይኔ እያየ በመጀመሪያ ፈተናቸው ያልፋሉ። አንድ ቀን ቁልፍ ሲቀበለኝ ጠየቅኩት።

"ዳገቱ ላይ አትስልብህም?"

"ኧረ ጋሼ፣ እንደ ሚዳቋ ነው የምትወጣው" አለና ሳቀ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ የመሰለኝ። እኔ ጠዋት ነኝ፣ እሱ ከሰዓት። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው! ሮጬ ይቆይ ጋ ሄድኩና "የብርድ ሳል ነው" አልኩት። "ይቆይ" አለ እሱ። አልቆየሁም። ሞተሩን የሚያሞቀውን ነገር ሁሉ ሳምንት ሙሉ አስፈታሁት፣ አስገጠምኩት። እኔም ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ ሞተሩን አስነስቼ ግቢው ውስጥ ማሞቅ ጀመርኩ፤ ዘበኛው ጭስ ገደለኝ ብሎ እስኪያኮርፈኝ ድረስ። ሞተሩ እሳት ሆነ። ዳገቱ ላይ፣ ክህ ክህ ክህ።

መኪናዋ ላይ የማሳብበው ሲያልቅብኝ እህቴ ላይ ዞርኩ። "እግርሽ ነው" አልኳት። "ነዳጁን ትደፊበታለሽ። አለስልሺው።" እሷም እንደ ዱሮዋ አመነችኝ። ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ከእግሯ ሥር የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አድርጋ ቀስ እያለች ስትረግጠውና ስትለቀው አየኋት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና የቤት ሥራዋን ስትሠራ እንደዚህ ነበረች፤ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ አድርጋ። አንጀቴን በላችው። ይቺ ልጅ ታልፋለች አልኩ በሆዴ።

የፈተናው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ወጣን። ዳገቱን አምስት ጊዜ ሞከርን፣ አምስት ጊዜ ሳለች። በስድስተኛው እህቴ መኪናዋን ጠርዝ አስያዘች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ዓርብ አልሄድም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንተ ስትነዳት፣ ይቆይ ሲነዳት፣ የከሰዓቶቹ ሲነዷት ደህና ናት። እኔ ስነዳት ትስላለች። እኔ ነኝ ችግሩ፣ ጋሼ። ዛሬ ለሰውዬው ሌላ ሹፌር ፈልግ እለዋለሁ።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቁጣዬን የማወርድበት ሰው አጣሁና ይቆይ ላይ ለማውረድ ወሰንኩ። ቦታ ተቀያየርን፣ እኔ መሪውን ይዤ በቀጥታ ጋራዡ ገባሁ። ይቆይ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቷል። እግሩን ይዤ ልጎትተው ምንም አልቀረኝም።

"አራት ወር!" አልኩት። "አራት ወር ሙሉ ስትፈታ ስትገጥም ቆይተህ አንዲት ሳል ማዳን አቃተህ። ካልቻልክ አልቻልኩም በል። የዚች ልጅ እንጀራ ሊዘጋ ነው።"

ይቆይ ከሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። እኔን ሳይሆን እህቴን አያት። "አንድም ቀን ስትስል ሰምቼ አላውቅም" አለ። "ያልሰማሁትን እንዴት ልፈውሰው? ኑ፣ እናንተ እንደምትወጡት እንውጣ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።"

እውነቱን ነው፣ በአራት ወር ውስጥ ይህን አድርገን አናውቅም። እሱ ብቻውን ይነዳል፣ ወይ እኔ ነድቼ አሳየዋለሁ፤ ሠልጣኝ አስቀምጦ ከኋላ መስማት ለአንዳችንም አልታየንም። እህቴ መሪውን ያዘች፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱ ከኋላ። ዳገቱ ሥር ነዳጅ ስትሰጥ ሳለች። ዞሬ "ሰማህ?" አልኩት፤ በድል አድራጊነት፣ የመኪናዋ በሽታ ለእኔ ትልቅ ክብር ይመስል።

"ሰማሁ" አለ። "አየር በዝቶባታል። ከየት እንደሚገባ እንጃ። ይቆይ… አውርዱኝ እስቲ፣ ከውጭ ልያት።"

ከዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ከአንድ መብራት ምሰሶ ሥር አወረድነው። እኛ ዞረን ከታች መጣን። እህቴ ነዳጅ ሰጠች፣ መኪናዋ ሳለች፣ ይቆይን አልፈነው ሄድን። ከላይ ዞረን ስንመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

"የኋላ ቀይ መብራታችሁ በርቷል" አለ።

"የምን መብራት?"

"የፍሬኑ። ከሥር ጀምሮ እስከ ላይ በርቶ ነው የወጣችሁት።"

እህቴ ላይ አፈጠጥኩ። "ፍሬን ይዘሽ ነው እንዴ ነዳጅ የምትሰጪው?"

"በየትኛው እግሬ ነው የምይዘው?" አለች። "ቀኙ ነዳጅ ላይ ነው፣ ግራው ወለሉ ላይ።"

"እንግዲያው የመብራቱ ማብሪያ ተጣብቋል። ይኸው፣ ሌላ የሚቀየር ነገር ተገኘ።"

ይቆይ እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ "ድገሙት" አለ።

ደገምነው። ዳገቱ ሥር እህቴ ነዳጅ ሰጠች። ክህ ክህ ክህ። "ቀስ፣ ቀስ" አልኳት። ሌላ ጊዜ እንደምታደርገው ነዳጁን አልለቀቀችውም። ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ እግርህን እየው" አለችኝ።

አየሁት። ቀኝ ጫማዬ የእኔ ፍሬን ላይ ነው። በኃይል አልረገጠም፤ ለስለስ ብሎ፣ መንገድ ሊሻገር የሚል ልጅ ትከሻ ላይ እጅ እንደሚያርፍ ነው ያረፈው። እኔ አላስቀመጥኩትም። በእናቴ አፅም፣ አላስቀመጥኩትም። መቼ እንደሄደ አላውቅም። አነሳሁት።

ሳሉ በዚያው ቅጽበት ቆመ። መኪናዋ አንዴ ተመንጭቃ ዳገቱን ወጣች፤ ሳትስል፣ ሳትንገጫገጭ። አራት ወር ሙሉ የለመንኳትን ነገር እግሬን በማንሳቴ ብቻ አደረገችው።

ጋራዡ ስንመለስ ይቆይ ኮፈኑን ከፍቶ ከፍሬኑ ጋር የተያያዘውን ክብ ቆርቆሮ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሰርቮ ይሉታል፤ ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዝ ዕቃ ነው፣ ኃይሉን የሚያገኘውም ከሞተሩ አየር በመሳብ ነው። ውስጡ ያለው ጎማ ተሰንጥቋል፤ ሳሉ የጀመራት ከዚያ ወዲህ ነው። ፍሬኑ ሲነካ በስንጥቁ በኩል የማይፈለግ አየር ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይስላል።

"ፍሬን ይዘህ ስትቆም ቢስል ማንም አያስተውለውም" አለ። "ነዳጅ እየሰጠህ ካልያዝክ በቀር። ነዳጅ እየሰጠ ፍሬን የሚይዝ ሰው ደግሞ የለም። ባለ ሁለት ፍሬን መኪና ላይ ካልሆነ።" ኮፈኑን ዘጋና ጨመረ። "የዚች መኪና የፍሬን ሸራ ሁለት ወር አይቆይም፤ ሦስት ዓመት ሆነው። ሠልጣኞችህ ፍሬን ያበዛሉ ብዬ ነበር የማስበው።"

ሦስት ዓመት። የጫማ ሱቁ መስታወት። ከኋላችን ሲጮኹ የከረሙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ጮኹ፤ ለካ ዳገት ላይ ቀይ መብራት አብርታ የምትሄድ መኪና ነበር የሚያዩት።

እህቴ ጋራዡ በር ላይ ቆማለች። ጠጋ አልኳት።

"አላወቅኩም" አልኳት።

"እንዳላወቅክ አውቃለሁ።" አለችኝ። "ግን ጋሼ፣ እኔ ስፖንጅ ስረግጥ ነበር እኮ። ማታ ማታ። ነዳጅ ስሰጥ ትስላለች፣ ስለዚህ ገና ሳትስል እግሬን ማንሳት ለመድኩ። ፈተና ላይ አንተ የለህም፣ መኪናዋ አትስልም፤ እግሬ ግን ይነሳል። ሁለት ጊዜ የወደቅኩት በዚህ ነው። እቤት ስንገባ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? አይዞሽ፣ መንዳት ለሁሉም ሰው አይሰጥም አልከኝ።"

አስታውሳለሁ። ላጽናናት ብዬ ነበር።

"ሌላ ምን ላይ ነው እግርህን ያሳረፍክብኝ?" አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም፤ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን መልሱን ስቆጥር ዋልኩ። የልብስ ስፌት ትምህርት ሌላ ከተማ ሲደርሳት "ማን ያይሻል?" ብዬ አስቀረኋት። ዋና ልማር ስትል፣ ብስክሌት ልግዛ ስትል፣ ያንን ረጅም መምህር ላግባ ስትል እንኳ፣ "ትንሽ ቆይተሽ" አልኳት። ሁሉንም በፍቅር ነው ያልኩት። ያ ነው ያሳረረኝ፤ በክፋት ቢሆን ቢያንስ አውቀው ነበር።

ይቆይ በዚያው ቀን ከአሮጌ መኪና የተፈታ ደህና ሰርቮ አግኝቶ ገጠመላት። "ከእንግዲህ አትስልም" አለኝ። "እግርህን ብታሳርፍም አትስልም። መጎተት ግን ትጎተታለች።"

ገባኝ። ከእንግዲህ ልደብቀው እችላለሁ ማለት ነው። ማንም አይሰማም፤ ማንም አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ መጣች። እመጣለሁ ብላ ሳይሆን፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓርብ ትሄጃለሽ ወይ አላልኳትም፣ እሷም አላለችኝም። ሁለቱንም እግሮቼን ከወንበሩ ሥር አጥፌ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን እየወጋው። ዳገቱን አንዴ በሰላም ወጣን። ሁለተኛው ላይ አንድ ባለ ብስክሌት ከጎን መንገድ ብቅ አለ፤ ሩቅ ነበር፣ እህቴም አይታዋለች፣ ነዳጁንም በልክ አድርጋለች። መኪናዋ ግን ከበዳት። ወደ ታች ሳይ እግሬ እዚያው ነው። ቅድም አጥፌ የቀበርኩት እግር። እህቴም አይታዋለች፤ ነዳጁን ለቀቀች። እንደ ለመደችው።

እንደዚያ ቀን በራሴ ተናድጄ አላውቅም። እግሬን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ። ሦስት ቀን ነው የቀራት፣ እኔ ደግሞ በሦስት ቀን ልታረም የምችል ሰው አይደለሁም።

በምሳ ሰዓት ሳቂታውን ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ይህን ሰው ነገር ስጠይቀው የመጀመሪያዬ ነው።

"እህቴን እስከ ዓርብ አንተ ያዝልኝ" አልኩት።

"ምነው ጋሼ፣ ተጣላችሁ?"

"እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው" አልኩት። "ሦስት ዓመት ሙሉ። ሳሏ እኔ ነበርኩ።"

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ቢስቅብኝ መብቱ ነበር። አልሳቀም። የያዘውን ዳቦ አስቀምጦ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እንወጣለን ጋሼ፣ አያስቡ" አለኝ። ሳልወድ በግድ ወደድኩት።

ሦስቱን ቀን ግቢው ውስጥ ቆሜ ሲወጡና ሲገቡ አየሁ። አንዴ ሲመለሱ እህቴ መሪው ላይ ሆና ከልቧ ስትስቅ አየኋት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስቃ አታውቅም። ሐሙስ ማታ እቤት ራት ቀርቦ፣ እንዴት ነው ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ወጡን ወደ እሷ ገፋሁላት። ስፖንጁ ከመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተሰቅሏል።

ዓርብ ጠዋት አጥሩ ጋ ቆምኩ። ያው ፈታኝ፣ ያው ወረቀት። እህቴ ወንበሩን አስተካከለች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ወጡ። ከአጥሩ እስከ ዳገቱ ጫፍ ይታያል። ከሥሩ ሲጀምሩ የኋላዋን መብራት ነበር የማየው፤ አልበራም፣ ቀይ የለም። መኪናዋ ወጣች፣ ወጣች፣ እኩሌታው ላይ፣ ከመብራት ምሰሶው አጠገብ፣ ድንገት ዝግ አለች። አለቀ አልኩ። የአጥሩ ሽቦ እጄን እስኪቆርጠኝ ጨብጬዋለሁ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ሳልጨርስ መኪናዋ እንደገና ጉልበት አገኘች፣ ዳገቱን ጨረሰች፣ ከዓይኔ ጠፋች።

ሲመለሱ ፈታኙ ወረቀቱን ፈርሞ ሰጣት። እህቴ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

"አለፍኩ" አለች።

አቀፍኳት። ዳቦ ዳቦ ትሸታለች። ስለቅቃት ግን አላስቻለኝም።

"መሀል ላይ ዝግ ስትዪ ልቤ ወልቆ ነበር። ምን ሆነሽ ነው?"

"እግሬ ሊነሳ ነበር" አለች። "እዚያ ቦታ ሲደርስ ሳሉን ጠበቀ።"

"ከዚያስ?"

ትንሽ አየችኝ፤ ልንገረው ወይስ ይቅር እንደሚል ሰው።

"ጋሼ የለም፣ ሂድ አልኩት።"

ይህን ስትል እየሳቀች ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ እያመመኝ ሳቅኩ።